ሽቱግ 3 ጌን በ1/35 መሥራት፦ ከፕላስቲክ ፍሬሙ እስከ አቧራው

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን ብረት ለበስ በሞዴል መሥራት ለሚጀምር ሰው ከታይገርና ከፓንተር ይልቅ ሽቱግን እመክራለሁ። ሽቱርምጌሹትስ 3 (ሁሉም ሽቱግ ይለዋል) ቱሬት (የሚሽከረከር የመድፍ ማማ) የለውም። በፓንዘር 3 ታንክ ሻሲ ላይ የተጫነ ዝቅ ያለ የብረት ሣጥን ነው፤ 75 ሚሊ ሜትር መድፉ ከፊቱ ይወጣል። መገጣጠሙ ቀለል ይላል፣ ሆኖም ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ የጎን ላሜራውና ባለ ሦስት ቀለም ካሞፍላጁ አንዱም አይጎድልበትም።

እውነተኛው 6.77 ሜትር ይረዝማል፣ 2.95 ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታው 2.16 ሜትር ነው። በ1/35 ልኬት 19.3፣ 8.4 እና 6.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ በቃላችሁ ያዙ፦ ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት እውነተኛው ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀለም ጭረት ስትሠሩም፣ ጭቃ ስትቀቡም፣ ላሜራ ስታሳሱም ይህ ቁጥር ይፈርዳል።

ብዙ ሰው «መቀባት ነው ያቃተኝ» ይላል። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀለሙ በፊት ነው። መጨረሻ ላይ መጣበቅ የነበረበት መጀመሪያ ይጣበቃል፤ ከዚያ ብሩሽም ኤርብራሽም (ቀለም በአየር የሚረጨው መሣሪያ) የማይደርስበት ጥግ ይፈጠራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በመሠረቱ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ጌ የተባለው ሞዴል ከታኅሣሥ 1942 እስከ 1945 ተመርቷል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያመረቱት በዋናነት በርሊን ያለው አልኬትና ብራውንሽቫይግ ያለው ሚያግ ናቸው። በእነዚህ ጊዜያት ውስጥ ብዙ ነገር ተቀያይሯል። ጥቁር ግራጫው ቀለም በየካቲት 1943 በወጣ ትእዛዝ በጥቁር ቢጫ ተተካ። የጎን ላሜራዎቹ፣ ጀርመኖቹ ሹርትሰን የሚሏቸው፣ ከ1943 ጸደይ ጀምሮ መጡ፤ የሶቪየትን 14.5 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ ጠመንጃ ለመከላከል ነው። ማግኔት ያለው ፈንጂ እንዳይጣበቅ የሚለሰነው ዚመሪት ከመስከረም 1943 እስከ መስከረም 1944 ባለው ጊዜ ብቻ በፋብሪካ ይቀባ ነበር። የአሳማ አፍንጫ የሚመስለው፣ ከቀለጠ ብረት በሻጋታ የተሠራው የመድፍ ጋሻ ደግሞ የመጣው በ1943 መጨረሻ ገደማ ነው።

ኪቱ (ያልተገጣጠሙት ክፍሎች የሚመጡበት ሣጥን) ውስጥ የሁሉም ጊዜ አማራጭ ክፍሎች ተደባልቀው ሊመጡ ይችላሉ። ወሩን ሳይወስን የጀመረ ሰው በግራጫ ቀለም ላይ ዚመሪት፣ በዚመሪት ላይ የ1945 ዕቃ ይደርብና ያልነበረ መኪና ይሠራል። ለመጀመሪያ ሥራ የምመርጠው የሐምሌ 1943ቱን፣ ሩሲያ ውስጥ ኩርስክ ላይ የተዋጋውን ነው፦ ዚመሪት የለውም፣ የመድፍ ጋሻው በብየዳ የተሠራ ቀጥ ያለ ሣጥን ነው፣ የላይኞቹ ትንንሽ ሮለሮች ላስቲክ የለበሱ ናቸው፣ የጎን ላሜራ አለው፣ መሠረቱ ቢጫ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት መመሪያው ላይ የማትጠቀሙባቸውን ክፍሎች በእስክሪብቶ ሰርዙ።

መቁረጥና ማጽዳት

ክፍሎቹ የተያያዙባቸውን ፍሬሞች ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፤ ከፋብሪካ ሻጋታ የቀረ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ክፍሉን ስትቆርጡ ትሮንኬዛውን ከክፍሉ አስጠግታችሁ አትንከሱ። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር አርቃችሁ ቁረጡ፤ ቀጥሎ ቀሪውን በስለታም ካተር ላጡ፤ በመጨረሻ በ400 እና በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። በአንድ ጊዜ ጠርዝ ላይ የተነከሰ ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተቦጭቆ ጉድጓድ ይተዋል፤ ነጭ ሆኖ የተወጠረው ቦታም በኋላ ይሰነጠቃል።

የሻጋታ መስመር ማለት ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን ጠርዝ ነው። በካተሩ ጀርባ ፋቁት፤ ሞረድ ክብ ነገርን ጠፍጣፋ ያደርጋል። ክፍሎችን ሻጋታው ሲገፋቸው የሚቀረው ክብ ጎድጓዳ ምልክት መሙያ የሚያስፈልገው የሚታይ ቦታ ላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ የክዳኖቹን ውስጥ ዘግታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

መሙያ ገዝታችሁ ማግኘት ካልቻላችሁ ከዚያው ኪት የተረፈውን ፍሬም ከትፋችሁ፣ ሲሶው የቀረ የፈሳሽ ፕላስቲክ ማጣበቂያ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩና አንድ ቀን አቆዩት። እንደ ማር ወፍሮ ይጠብቃችኋል። ጥቅሙ ከክፍሉ ጋር አንድ ፕላስቲክ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ሲደርቅ መሰብሰቡ። ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፣ 48 ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ሞርዱት። የመኪና ስቱኮም ይሠራል ግን በስሱ ካልተቀባ ይሰነጠቃል። ሱፐር ግሉ በታልክ ዱቄት ተለውሶም መልካም መሙያ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሞረደ ግን ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና ብርጭቆ ወረቀቱ ዙሪያውን ብቻ ይበላል።

ፕላስቲክ የሚጣበቀው በሱፐር ግሉ ሳይሆን በማቅለጫ ማጣበቂያ ነው። ሁለቱን ክፍሎች ገጥማችሁ ያዙና ቀጭኑን ፈሳሽ በብሩሽ ጫፍ ስንጥቁ ላይ ንኩት፤ ራሱ ይሳባል። ጣታችሁ ስንጥቁ ላይ ካለ ፈሳሹ በጣታችሁ ሥር ሄዶ አሻራችሁን ፕላስቲኩ ላይ ያትማል፤ ይህን ያላደረገ ሞዴሊስት የለም። ሱፐር ግሉ ለብረት ክፍሎች ብቻ ይሁን።

ጎማና ሰንሰለት

ሽቱግ በእያንዳንዱ ጎን 6 ጥንድ ተሸካሚ ጎማ አለው፣ በሁለቱም ጎን ሲቆጠር 24 ዲስክ። እያንዳንዱ የሻጋታ መስመር አለው። በስቴኪኒ ወይም በመሰርሰሪያ ጫፍ ሰክታችሁ እያሽከረከራችሁ በ600 ቁጥር ሞርዱ። የጎማ ክንዶቹን ስታጣብቁ ሻሲውን መስታወት ላይ አቁሙና 12ቱም ነጥብ መስታወቱን መንካቱን አረጋግጡ። ማጣበቂያው ሳይደርቅ በክንዶቹ ላይ ማስመሪያ አጋድሙ። አንድ ክንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ 24 ቶን የሚመዝን መኪና ደግሞ አይንሳፈፍም።

ሰንሰለቱ የዚህ ሥራ ወሳኝ ክፍል ነው። አንዳንድ ኪት ላስቲክ መሰል አንድ ወጥ ሰንሰለት ይሰጣል፤ ችግሩ ላስቲኩ ተወጥሮ ቀጥ ማለቱ ነው፤ የእውነተኛው ክብደት በሮለሮቹ መካከል ወደ ታች ያረግበዋል። ተነጣጥሎ የሚመጣው የፕላስቲክ ሰንሰለት ይሻላል። በእውነተኛው ላይ በአንድ ጎን 93 አንጓ ነበር፤ ለሁለቱ 186። አንጓ ላይ 2 የሻጋታ ጎድጓዳ ካለ 372 ምልክት ማለት ነውና፣ መሬት የሚነካውንና የሚታየውን ፊት ብቻ አጽዱ፤ ጭቃው የቀረውን ይሸፍናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማስመሪያ ላይ ወረቀት መሸፈኛ ፕላስተር በሚጣበቀው ፊቱ ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ አንጓዎቹን በላዩ ደርድሩ፤ መገጣጠሚያዎቹን ቶሎ በማይደርቅ ማጣበቂያ ንኩ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። አንጓው እንደ ቆዳ ሲሆን፣ ሲታጠፍ ሳይላቀቅ የሚታዘዝበት ሰዓት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ፕላስተሩን ላጡና በጎማዎቹ ዙሪያ ጠቅልሉ። ጥርሳሙ የፊት ጎማ፣ የኋላው መወጠሪያና ተሸካሚ ጎማዎቹ በማጣበቂያ አይያዙ፤ ተሰክተው ብቻ ይቁሙ። ከላይ ባሉት 3 ሮለሮች መካከል ትንንሽ ስፖንጅ እየጠቀጠቃችሁ ሰንሰለቱን ወደ ታች ግፉት።  አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ሰንሰለቱ ከጎማዎቹ ጋር እንደ አንድ ክፍል ተነቅሎ ይወጣል፤ ለብቻው ይቀባል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ከሰንሰለቱ ጀርባ ያለውን ጎማ በመስተዋት እያየ ለመቀባት ይገደዳል።

አንጓው ካጠረ የኋላው መወጠሪያ ጎማ የሚዞርበት ክንድ ሳይጣበቅ ይቆይ፤ እውነተኛውም ሰንሰለቱን የሚወጥረው በእሱ ነበር።

መድፉና የጎን ላሜራው

በሁለት ግማሽ የሚመጣ የመድፍ በርሜል ሲጣበቅ መስመር ይቀራል። ማጣበቂያውን በዛ አድርጋችሁ ጫን በሉት፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ቅራሪ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። 24 ሰዓት ቆይቶ በካተር ጀርባ ፋቁት፣ ከዚያ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በርሜሉን በረዥሙ ሳይሆን በዙሪያው እየጠቀለላችሁ አሽሹ። የአፈሙዙ ቀዳዳ 2.1 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

የላሜራው ነገር ሒሳብ ነው። እውነተኛው 5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ1/35 ወደ 0.14 ይወርዳል። የኪቱ ፕላስቲክ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ እንደ 17.5 ሚሊ ሜትር ብረት ይታያል። አንዱ መፍትሔ የሚታየውን ጠርዝ ብቻ ከጀርባው በኩል በሰያፍ ሞርዶ ማሳሳት ነው። ሁለተኛው እኔ የምመርጠው ነው፦ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ። ግድግዳው ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለእውነቱ በጣም ይቀርባል። የኪቱን ላሜራ እንደ ንድፍ ተጠቀሙ፤ ቆርቆሮውን በመቀስ አትቁረጡ፣ ጠርዙ ይጠማዘዛል። በካተር ሁለት ሦስት ጊዜ ጭራችሁ ወዲያና ወዲህ እጠፉት፣ ራሱ ይለቃል። ጠርዙ ጣት ስለሚቆርጥ በብርጭቆ ወረቀት ዳብሱት። ማስታወቂያውን ቀለም ፍቃችሁ አንሱ፣ አለበለዚያ ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚነፋው መሠረት) በኋላ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ቆርቆሮ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዛፍ የገጨው ላሜራ እንደሚታጠፍ በእውነት ይታጠፋል። አንድ ላሜራ ጎድሎ፣ አንዱ ጠርዙ ተጠማዝዞ ቢሠራ ያምራል። ሦስት አራት ቢጎድል ግን የቆሻሻ መጣያ ይመስላል።

ላሜራዎቹ የሚንጠለጠሉበትን ሐዲድ አሁን አጣብቁ፤ ላሜራዎቹን ግን አታጣብቁ።

ፕራይመርና ቀለም

የቤት መሥሪያ አንቲረስትና ተራ ቲነር ለዚህ ሥራ አይሆኑም። አንቲረስቱ ወፍራም ስለሆነ የብሎን ራሶችን ይደፍናል፤ ቲነሩ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር በቆርቆሮ የሚረጭ ካገኛችሁ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ በስሱ ሁለት ጊዜ አሳልፉ። ርጭቱን ከሞዴሉ ውጭ ጀምራችሁ ከሞዴሉ ውጭ ጨርሱ፤ ላዩ ላይ ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ጠብታ ይንጠባጠባል። ከቤት ውጭ ወይም መስኮት ተከፍቶ፣ ለኬሚካል ትነት በተሠራ ባለ ማጣሪያ ጭንብል ሥሩ። የጨርቅ ማስክ ትነት አያግድም።

የጊዜው መሠረት ቀለም በጀርመኖቹ የቀለም መለያ ቁጥር ራል 7028 የተባለው ጥቁር ቢጫ ነው። ከታሚያ ኩባንያ የሞዴል ቀለሞች ኤክስኤፍ-60 ይቀርበዋል። ለካሞፍላጁ የወይራ አረንጓዴው ራል 6003 እና ቀይ ቡናማው ራል 8017 ነበሩ፤ ኤክስኤፍ-58 እና ኤክስኤፍ-64 ለእነዚህ ይሆናሉ። ትንሽ ነገር ጥላው ስለሚበዛ ከእውነተኛው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል፤ ቢጫው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነጭ ጨምሩ።

ኤርብራሹ 0.3 ሚሊ ሜትር መርፌ ቢኖረው ይበቃል። ለመሠረቱ አንድ እጅ ቀለም በአንድ እጅ ማቅጠኛ፣ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.2 ባር፣ ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ ጥጎቹንና የብየዳ መስመሮቹን በጥቁር ቡናማ ንፉ፤ ቢጫውን በላዩ ስስ አድርጋችሁ ከየላሜራው መሃል ወደ ጠርዝ አሰራጩ። አንድ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለመሠረቱ ይበቃል።

የአየሩ ነገር እንዳይረሳ። በደረቅ ወራት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ በጋ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት፣ ቀለሙ በአየር ላይ እያለ ደርቆ እንደ ዱቄት ያርፋል፤ ወለሉም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ማቅጠኛውን ጨምሩ፣ ማድረቂያ አዘግዪ ጥቂት ጠብታ ጣል አድርጉበት፣ ቀረብ ብላችሁ ንፉ። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የተረጨ ላከርና ቫርኒሽ እርጥበት ይዞ ነጭ ጉም ይለብሳል። ጉሙ ከወጣ ሌላ ቀለም አትደርቡ፤ በደረቅ ቀን ንጹሕ ማቅጠኛ በስሱ ንፉበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል።

ካሞፍላጁን በሜዳ የሚቀቡት ወታደሮቹ ነበሩ። ቀለሙ እንደ ቅባት ወፍሮ በጣሳ ይደርሳቸዋል፤ በቤንዚን ወይም በውኃ ያቀጥኑታል። ቤንዚን ብርቅ ነበርና በውኃ የቀጠነው በዝናብ ይታጠብ ነበር። ስለዚህ መስመሩ ያልተስተካከለ፣ የሳሳና የወፈረ ቢሆን ስሕተት አይደለም። ያም ሆኖ ጠርዙ ሲደበዝዝ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፤ ያ በእውነተኛው 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ አንድ እጅ ቀለም በሁለት እጅ ማቅጠኛ፣ ግፊቱ 0.7 ባር፣ ርቀቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር። በመስመሩ ጫፍ የሸረሪት እግር የሚመስል ነገር ከተዘረጋ ግፊቱ በዝቷል ወይም እጃችሁ ዘግይቷል። ጎን ላሜራዎቹን በሚላቀቅ የግድግዳ ማጣበቂያ ጭቃ ለጊዜው ሰቅላችሁ ንፉ፤ መስመሩ ከአካሉ ወደ ላሜራው ይቀጥላል። ስትጨርሱ አውርዷቸው፤ ከጀርባቸውና ከሥራቸው ያለውን በቢጫ ብቻ ሙሉ።

የጎማዎቹን ላስቲክ ጥቁር አትቀቡ፤ ጥቁር ግራጫ ይሁን። የቀጠነ ቀለም በብሩሽ ጫፍ ላስቲኩና ብረቱ የሚገናኙበት ጉድጓድ ላይ ንኩና ጎማውን አዙሩ፤ ቀለሙ ራሱ ዙሪያውን ይጓዛል።

ምልክቶቹን (ጥቁርና ነጩን መስቀል) ከመለጠፋችሁ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ንፉ። ሻካራ ወለል ላይ የተለጠፈ ምልክት ከሥሩ አየር ይዞ ብር ይመስላል።

ዝገት፣ ዘይት፣ አቧራ

ዎሽ ማለት በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ወደ ጥጎችና ወደ ብሎን ራሶች ማፍሰስ ነው። የሠዓሊ ዘይት ቀለም፣ ጥቁር ቡናማው፣ ሽታ በሌለው ማቅጠኛ አንድ ለአሥር ሲቀጥን ይበቃል። በሞዴሉ ሁሉ ላይ አትለቅልቁት፤ ቢጫው ይቆሽሻል እንጂ ጥልቀት አያገኝም። በቀጭን ብሩሽ ጥጉን ብቻ ንኩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የፈሰሰውን በማቅጠኛ በረጠበ ብሩሽ አንሱ። ሌላ አደጋም አለ፦ ማቅጠኛው ባልተቀባና በተወጠረ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። የጎማ ክንዶች በድንገት እየተሰበሩ የሚወድቁት በዚህ ነው። ሻሲውን ከሥር ሳይቀባ አትተዉ፤ ዎሹም አይተኛበት።

የቀለም መላጥ ላይ እጃችሁን ያዙ። ኩርስክ ላይ የነበረ ሽቱግ ወራት ያስቆጠረ አዲስ መኪና ነው። ከተቀደደ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ቀለም ነክታችሁ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ አራግፋችሁ፣ የክዳኖቹን ጠርዝና ሠራተኞቹ የሚረግጡበትን ብቻ ንኩ። ብርማ ቀለም አይሁን። 1 ሚሊ ሜትር ጭረት 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው ብለናል።

ሰንሰለቱን ብርቱካናማ ዝገት የሚያለብሱ ብዙ ናቸው። የሚሄድ መኪና ሰንሰለት ዝገቱ በየሰዓቱ ስለሚፋቅ ጥቁር ቡናማ ነው። መሬት የሚነካውን ፊት በ6ቢ እርሳስ አሽሹ፣ ብረቱ ይወጣል። የውስጡን ፊት ግን አታብሩት፤ ተሸካሚ ጎማዎቹ ላስቲክ የለበሱ ናቸው፣ ብረት አይወለውሉም። የሚያበራው የጥርሳሙ ጎማ ጥርስ ነው።

ኩርስክ ጥቁር አፈር ነው፤ በሐምሌ ደርቆ ሲቦን ግን ግራጫ ወዳለበት ቡናማ ይነጣል። የሠዓሊ ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈጭታችሁ ግራጫ፣ ቡናማና ጥቂት ጥቁር ደባልቁ። ከታች በዛ፣ ወደ ላይ ሳሳ እያደረጋችሁ በደረቅ ብሩሽ አሳርፉ፤ በአንዲት ጠብታ ማቅጠኛ ያዙት፣ ሲደርቅ ይነጣል። ማት ቫርኒሹ ከዚህ በፊት ይለቅ፤ በኋላ ከተነፋ አቧራውን ውጦ ያጠፋዋል።

አሁን ሰንሰለቶቹን ግጠሙ፣ በመጨረሻ ላሜራዎቹን ስቀሉ። ከዚህ በኋላ ሞዴሉን የምታነሱት ከሆዱ ይዛችሁ ነው፤ ከጎኑ ከያዛችሁት ላሜራው ይረግፋል፣ አቧራውም በጣታችሁ ይወጣል።